የተመለሰው ሾርባ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እግዜር በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያስቀድምልሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ጉልበቴም ትንሽ ተሽሎታል። ይህን የምትጽፍልሽ ታናሽሽ ናት፤ ሰው ፊት አፏ አይፈታም እንጂ እጇ ፈጣን ነው።

ከምግብ ቤቱ ወጥቻለሁ። አትደንግጪ። ሳህን ማጠብም ሆነ የሰው ሽንት ቤት መጥረግ አስጠልቶኝ አያውቅም። ግን አለቃችን ሁለት ወር ሙሉ፣ ሰው ያስተረፈውን ሾርባ ከየሳህኑ ወደ ድስቱ ያስመልሰን ነበር። አንድ ቀን ስቴኪኒ ተንሳፎ አይቼ ብነግረው፣ "አውጥተሽ ጣይዋ፣ ምን ታካብጃለሽ? ሥራ አይናቅም፣ እናቴ!" አለኝ። እናንተን ያሳደግኩበት ቃል ስለሆነ አፌን አስያዘኝ። ስቴኪኒዋን አውጥቼ፣ አማስዬ፣ ለደንበኛ ቀዳሁት።

ማክሰኞ እህትሽ የቤት ቁልፍ ልትወስድ ምግብ ቤቱ መጣች። አለቃው ሞልቶ ቀዳላት።

"ጠጪ እንጂ! ምን ያሽኮረምምሻል?"

ማንኪያውን ከእጇ ነጥቄ ሳህኑን ደፋሁት። "እሱን አትጠጪም!" ብዬ ጮህኩ። የሚበላው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሕፃን ልጇን ያንኑ ሾርባ የምታጎርስ አንዲት ሴት፣ "የኔስ ልጅ?" አለችኝ።

አለቃውን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ተጸየፍኩ። ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ።

ከሰው አገር ስትደውዪ "ሥራ ደህና ነው" ብለሽ ታልፊዋለሽ። እባክሽ ልጄ፣ ምን እንደሚያሠሩሽ ንገሪኝ። የሚያቅለሸልሽ ነገር ከሆነ ለእኛ ብለሽ አትዋጪው፤ እኛ እንደምንም እንኖራለን። ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ስትገቢም ስትወጪም ቀና ብለሽ የምትሄጂ ያድርግሽ።

እናትሽ