የዳኛው ስም በእኔ እጅ

ፓሪስ፣ ኅዳር 1932

ውድ ሊዮንስ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት ከቦነስ አይረስ ደረሰኝ። ወንድሜ በሕይወት መኖሩን ከሠላሳ ስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ ያወቅኩት ጎመን እየከተፍኩ ሳለ ነው። ሳንባህ እንደታመመ፣ ፖሊስም እንደረሳህ፣ እናታችን በሞተችበት ክፍል ለመሞት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ስለዚያ የአዲስ ዓመት ጠዋት ግን ያለኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ዳኛውን ብለን ሌላ ሰው ነካን፤ የወጣትነት ስሕተት ነበር» ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስሕተት ምን እንደሆነ እኔ ልንገርህ።

ያን ታኅሣሥ በጣፋጭ ሱቁ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። መነኩሲቶቹ ፊደሌ በተጣመመ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ እየመቱ ያስተማሩኝ ክብ ጽሕፈት መተዳደሪያዬ ሆኖ ነበር። ለአዲስ ዓመት በሚላከው ሣጥን ሁሉ ላይ በሚታሰረው ካርድ የላኪውን ስም የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ተቀባዩን መልእክተኛው ያውቀዋል። አንተ አንድ ባዶ ካርድ ይዘህ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥክና ጓደኛህን ያሳሰረውን ዳኛ ስም እንድጽፍልህ ጠየቅከኝ።

«ላሳሰረባችሁ ሰው ከረሜላ?» አልኩህ።

«አዲስ ዓመት አይደል፣ ኤፍራዚ? እሱም ትንሽ ይጣፍጠው። ደግሞ እጅሽ እኮ ወርቅ ነው።»

ሳቅሁ፤ ሙገሳ እወድ ነበር። በሱቁ ልማድ የሚጻፈው የላኪው ስም መሆኑን ልነግርህ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ቸኩለህ ስለነበር ተውኩት። በእነዚያ ዓመታት አናርኪስት ጓዶችህ ቦምብ ወደ ካፌና ወደ ምክር ቤት ይወረውሩ እንደነበር በጋዜጣ አነብ ነበር። የእኔ ወንድም እንዲህ ያደርጋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ዳኛው በሚኖሩበት ሕንጻ በር ጠባቂዋ ማዳም ጎብሌ ነበሩ። እናታችን ስትሞት አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ሾርባ ያበሉን እሳቸው ናቸው፣ በዚያችው የበር ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ። ተከራይ ሁሉ በአዲስ ዓመት ለበር ጠባቂው ስጦታ እንደሚሰጥ ታውቃለህ። ዳኛው ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ብርቱካን እንኳ አልሰጧቸውም ነበር። ማዳም ጎብሌም የእሳቸውን ፖስታ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያደርሱ ነበር። «የዳኛው ደብዳቤ እግሩን ያመዋል» ይሉ ነበር።

ያን ጠዋት ግቢ ሲጠርጉ ጠብቀህ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። እዚያ ከሱቃችን የመጡ አምስት የተከራዮች ሣጥኖች ነበሩ፤ ሁሉም ላይ የሰጪው ስም በእኔ እጅ ተጽፏል። ሲመለሱ ስድስተኛውን አዩ፤ የዳኛውን ስም አነበቡ። ሳቁና ልጃቸውን ኦክታቪን ጠሯት።

«ነይ ተመልከቺ፣ ድንጋዩም ዘንድሮ ላብ አወጣ። ሮጠሽ ውጪና አመስግኚልኝ።»

ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ የዳኛውን በር አንኳኳች።

እኔ ለማዳም ጎብሌ ሁለት ብርቱካን ይዤ መንገዱን እየተሻገርኩ ነበር። የፍንዳታውን ድምፅ አልሰማሁትም፤ ደረቴ ላይ ነው ያረፈው። ስገባ የበሩ ክፍል በር አልነበረውም። ምድጃው ላይ ድስቱ ክዳኑን እንደደፋ ተቀምጧል፤ ገና እንፋሎት ያወጣል። ነጭ ሽርጣቸው መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላውን አልጽፈውም፤ አንተ ግን እንዳየኸው ቁጠረው። ዳኛው በሌሊት ልብሳቸው ልጅቱን አቅፈው ደረጃው ላይ ቆመው ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካቸውም። ኦክታቪ አላለቀሰችም። «ሳልመለስ እንዳትከፍት ብያት ነበር» ነው ያለችው።

አሁን ስሕተት የምትለው የቱን ነው? የሣጥኑን ሪባን የፈቱት ማዳም ጎብሌ ስለሆኑ ነው? ባይፈቱትስ ኖሮ? በዚህ ከተማ ዳኛ ዕቃውን ሊወስድ ከሦስተኛ ፎቅ አይወርድም። በር ጠባቂዋ ናት ተሸክማ የምትወጣው። አንተ በዚያ ክፍል ሾርባ ጠጥተህ አድገሃል፤ ይህን ታውቅ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያስደነገጠኝ ፍንዳታው ሳይሆን ይህ ነው።

ዛሬ በየአገሩ ሰው የማያውቀውን ሰው በቦምብ ሲገድል ጋዜጣው እንደ አዲስ ነገር ያወራል። ለእኔ አዲስ አይደለም። ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ሲነሣ አይቼዋለሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። መርማሪው የካርዱን ቁራጭ ይዞ ወደ ሱቁ መጣና ሁላችንንም አንዳንድ መስመር አጻፈን። እኔ፣ ለአንዲት ጠማማ ፊደል ጣቴ ያበጠው፣ አጣምሜ ጻፍኩ። አንተን ለማዳን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ባለሱቋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን ለመርማሪው ሰጠች። በማግስቱ አሰናበተችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን እንኳ በክቡ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም።

ኦክታቪን ማንበብና መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ምሳ ትበላለች። «እትዬ ኤፍራዚ፣ የሌላውን ስሕተት እስከ ሰረዙ ትቆጥሪያለሽ፣ የራስሽ ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ እኔንም አበላሸሽኝ» እያለች ታሾፍብኛለች። የካርዱን ቁራጭ ፖሊስ ከመለሰላት ጀምሮ በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሁለት ጊዜ አሳይታኛለች። ሁለት ጊዜም መነጽሬን ፈልጌ እንዳጣሁ መሰልኩ።

ይህን ደብዳቤ በክቡ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። እጄ አልረሳውም።

ነገ እሑድ ነው። ከምሳ በኋላ ሳላሽገው ለኦክታቪ እሰጣታለሁ፤ ያንተንም ደብዳቤ፣ ምንም ያልተጻፈበት ፖስታም ጨምሬ። ብታቃጥለው መብቷ ነው። ወደ ፖሊስ ብትወስደው ካፖርቴን ለብሼ እጠብቃለሁ። እኔን ደግማ ላታየኝም ትችላለች፤ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው።

ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ግን፣ የላከችው እሷ ናት። ያኔ ና፤ የእናታችን አልጋ አለ። ከመነሣትህ በፊት ፖስታውን ተመልከት። ስምህ የተጻፈው በእኔ እጅ አይደለም፤ እኔ ባስተማርኳት ጠማማ ጽሕፈት ነው።

እኅትህ
ኤፍራዚ