ሊማሊሞ ላይ የፈሰሰው ጠበል

ልጄ ባምላክ፥

በሰው አገር አንገትህን ሳያስደፋ አምላክ ያኑርህ። እኔ ደህና ነኝ። ጎንደር ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል። እናትህ ግን አኩርፋኛለች።

ለዓይኗ ከዛሪማ ማዶ ሦስት ሳምንት ጠበል ስትጠመቅ ቆይታ ነበርና ላመጣት በአሮጌዋ የፊልድ መኪና ወረድሁ። ራዲያተሩ ያፈሳልና ቀይረው ብለኸኝ ነበር፤ አልቀየርሁትም። ስንመለስ ሊማሊሞ ዳገት መሃል ሞተሩ አፈላ። ውሃ አልያዝሁም። የነበረው እናትህ ለቤት የቀዳችው አንድ ጀሪካን ጠበል ብቻ ነው።

«አያ ክንዱ፣ ቆመን ይቀዝቅዝ። ይኼ የዓይኔ መድኃኒት ነው» አለችኝ።

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ፤ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ሁሉንም በጋለው ሞተር ውስጥ ገለበጥሁት። የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ሲሰነጠቅ ሁለታችንም ሰማነው። በጭነት መኪና ተጎትተን ደባርቅ ገባን።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ትናንት የበሩን እጀታ በመዳፏ ስትፈልገው አየሁ።

ራዲያተር እንዳትልክ፤ መኪናዋ አብቅቶላታል። ለእናትህ ግን ደውልላት። «አባቴ በአውቶቡስ ወደ ጠበሉ ይመልስሻል» በላት፤ ካንተ አፍ ትሰማለች። ይቅርታ ጠየቀ አትበላት፤ አልጠየቅሁም።

እግዚአብሔር ዓይንህን ይጠብቅልህ።

አባትህ ክንዱ