እፍ ያልተባለው ጧፍ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለገብረየሱስ፤ በረሃው እንዴት ይዞሃል? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነን።

የስንዱን ስድስተኛ ዓመት በደብዳቤህ እንዳልከው ያለ ብዙ ወጪ አከበርን። ኬኩ ቀርቶ ድፎ ዳቦ ደፋሁላት፤ የጎረቤት ልጆችም ፈንዲሻ እየበሉ ዘፈኑላት። ሻማ ከሱቅ ስላጣሁ፣ ማታ ማታ ለአንተ ከማበራው ጧፍ ቆርጬ ዳቦው ላይ ተከልኩ። «እፍ በይው» ብላት አፏን በእጇ ከድና፣ «እማዬ፣ ይሄ የአባባ አይደል? እኔ አላጠፋውም!» አለች። ነዶ እስኪያልቅ ሁላችንም ጠበቅነው።

አብሮህ የዘመተው አስመላሽም በፈቃድ መጥቶ ነበር። ስለ አንተ ብጠይቀው ፈንዲሻውን አመሰገነልኝ።

የዳቦ ድርሻህን አድርቄ አስቀምጫለሁ። ያለፈው ደብዳቤህ ጽሕፈት የአንተ አልመሰለኝም፤ ለስንዱ ስሟን ብቻ ጽፈህ ላክላት፤ በራስህ እጅ ይሁን።

ቸር ያሰማን።
ሙሉመቤት