ከሞተ በኋላ ምቱ የበረታው ወንድሜ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የታካሚዎች ንብረት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከመስኮቱ ወዲያ ለሚያገለግሉት ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከአንገት በላይ እንዳይመስልዎ። ሰው እናንተ ዘንድ ታሞ ሲተኛ፣ እርሱ ቢያርፍ እንኳ ዕቃው እንደማያርፍ በዓይኔ ስላየሁ፣ እርስዎ እንዳይታመሙ የምጸልየው ከልቤ ነው።

ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ብዬ በፖስታ የላክኋቸው ጠፍተዋል ስለተባልኩ፣ የጠፋ ዕቃ በሚጠየቅበት ክፍል ውስጥ ደብዳቤ ሲጠፋ ደግሞ ወዴት አቤት እንደሚባል የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው። መጽሔት መቼም በየፀጉር ቤቱና በየጥርስ ሐኪሙ ወረፋ ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ አንዱ አንብቦ "ኧረ ስምዎ ተነሥቷል" ይልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የዚህ ዓምድ ደንበኞቼም የአማትና የምራትን ኩርፊያ፣ የጎረቤትን የአጥር ጠብ ሳወጋቸው ስለኖርኩ፣ ዛሬ ስለ ስልክ ጨዋታ ስጽፍ "እሷን ደግሞ ምን ነካት?" ማለታቸው አይቀርም። ትንሽ ይታገሡኝ፤ እርስዎም ይታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሁለት ፎቅ መካከል የቀሩ ሰዎችን ሲያወጣ ይውልና፣ ከሥራ ሲመለስ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ከእናታችን ጎን ዘፍ ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን ከፍተው ጦር ሜዳ ይገባሉ። ጨዋታው ቡድን ሠርተው ጭራቅ የሚወጉበት ነው። ተጫዋቹ ለተዋጊው መቶ ነጥብ ይሰጠውና ለምት፣ ለጋሻ ወይም ለፍጥነት እንደ ፍላጎቱ ያከፋፍላል፤ ይህን አከፋፈል እነሱ "ቢልድ" ይሉታል። ውጊያው ሲያልቅ ደግሞ ማን ስንት ጉዳት እንዳደረሰ በሰንጠረዥ ይወጣል፤ እሱን "ዳሜጅ" ይሉታል። የሰው ክብርና ውርደቱ ያለው እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ቡድናቸው ሦስት ሰው ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ስለሆነች ጣቷ መብረቅ ነው፤ ቀስተኛ ናት፤ ቀስቷ ጭራቅ ይጥላል፣ እሷን ግን ዝንብ ብታርፍባት ትወድቃለች። ሁለተኛው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስለ ቢልድ ሲያወራ የደንበኛውን ጆሮ የሚረሳ፣ የማን ምት ከማን በስንት እንደሚበልጥ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስተኛው ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ነጥቡን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጋሻው ላይ አፈሰሰና ለተዋጊው "ግድግዳው" የሚል ስም አወጣለት። ግድግዳው ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ ፊት መቆም። እርሱ ቆሞ ሳለ ለእናቴ የተሰነዘረው ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል። በዳሜጅ ሰንጠረዥ ላይ ታዲያ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ፀጉር አስተካካያችን ይህን ማየት አልቻለም። "አንተ ሰውዬ፣ ውጊያ ነው የመጣኸው ወይስ ወረፋ ነው የያዝከው?" ይለዋል። ወንድሜም ቀና ሳይል፣ "ወረፋ ነው። እናቴን መምታት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይሰለፍ" ይለዋል። እናቴ ትስቃለች። ቤታችን እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ታመመ፣ እናንተ ዘንድ ተኛ፣ ሞተ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ሐኪሞቹ ደጎች ነበሩ፣ ሕመሙ ግን ቀደማቸው። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ በተራ ቁጥር ላቅርበው።

አንደኛ፦ የወንድሜን ንብረት በንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ ስላስረከባችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። መነጽሩ ሳይጫር፣ ቀበቶው ተጠቅልሎ፣ የስልኩ ቻርጀር ደግሞ ገመዱ እንዳይወላገድ በላስቲክ ታስሮ ደርሶናል። ስልኩ ግን አልነበረም። ስጠይቅዎ፣ "እኅቴ፣ ብዙ ሰው ያለ ስልክ ነው የሚመጣው" አሉኝ፤ "እኅቴ" ያሉበት ድምፅ እስካሁን ልቤ ውስጥ አለ። ወንድሜ ቻርጀር ብቻ ይዞ ሊታከም የመጣበትን ምክንያት ቤት ገብቼ ሳሰላስል፣ ምናልባት ራሱን ሊሰካበት አስቦ ይሆናል ከማለት በቀር ሌላ አልመጣልኝም።

ሁለተኛ፦ ስልኩ ላይ ስንደውል፣ ሲም ካርዱን ያወጣው ሰው አለ መሰል፣ "ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም" ይለናል፤ ትክክል ነው፣ አይቻልም። ሆኖም ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ገና ሳሎን ተቀምጦ ሳለ፣ እናቴ ስልኳን ከፍታ ኖሯል። ጨዋታው ውስጥ ከ"ግድግዳው" ስም ጎን አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ባለቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ለማንም አልተናገረችም። ብድግ አለችና ጓዳ ገባች። ጎረቤቶች ሲበተኑ ውጭ ስወጣ፣ የወንድሜ ቱታ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። "እማዬ፣ ይሄን ማን አጠበው?" ብላት፣ "ታዲያ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?" አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው።

ወንድሜ ዘይት የለመደ ጣቱን ስልኩ አልለይ ስለሚለው መክፈቻ ቁልፍ አላደረገበትም ነበር፤ ስለዚህ ያነሳው ሁሉ ይከፍተዋል። ያነሳው ሰው መጀመሪያ ላይ ጨዋታውን አያውቅም። ይገባል፣ ይቆማል፣ ግራ ገብቶት ይወጣል። እናቴ ግን መቆሙን ብቻ ነበር የምታየው። ግድግዳው ቆሟል፣ ስለዚህ ልጇ አለ፤ እሷ ከኋላው ሆና ቀስቷን ትወረውራለች። ሰፈሩ "ሐዘኑን ቶሎ ቻለችው" ብሎ አማት፤ ሰፈር መቼም ለአፉ ዳገት የለውም። እኔ ግን ሳህን ስታጥብ ስታንጎራጉር ስሰማ ጓዳውን ትቼላት እወጣ ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ለእናንተ ያለኝ ምስጋና ከሁሉ የሚልቅበት ነው። ስልኩን የያዘው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ጨዋታውን ተማረ። ተምሮም አልቀረ፤ የወንድሜን ነጥብ ከጋሻው አንሥቶ ምቱና ፍጥነቱ ላይ አፈሰሰው። አዋቂዎቹ እንደሚመክሩት፣ ያለ አንዳች ስሕተት። በዚያ ቀን ውጊያው ሲያልቅ ግድግዳው በዳሜጅ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ ወጣ። ፀጉር አስተካካያችን የደንበኛውን ጢም ግማሹን ብቻ ላጭቶ ስልኩን እያየ ነበር፤ ምላጩን እንደያዘ ዘለለና "ሰውየው ተነሣ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ያለውን ነገር ራሱ ሰማው። ምላጩን አስቀመጠ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ግማሽ ጢም ያለው ደንበኛም አብሮት ተቀመጠ አሉ።

በዚያው ውጊያ እናቴ የወደቀችው ገና ሲጀመር ነው። ከፊቷ የቆመ አልነበረም፤ ግድግዳው ወደ ጭራቁ እየሮጠ ሄዶ ነበር። አጠገቧ ነበርኩ። መነጽሯን አወለቀች፣ ወጣች፣ ቱታውን ከገመዱ አውርዳ እያጠፈች፣ "ልጄ ሞቷል" አለች። ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለችውን ያኔ አለችው። "ልጄ ትቶኝ አይሮጥም። ይሄ የሚሮጠው የሌላ ሰው ልጅ ነው።"

እንግዲህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ሐኪሞቹ ወንድሜ መሞቱን በወረቀት ነገሩን፤ እናቴን ግን ያረዳት የእናንተ ክፍል ነው። ያውም መርዶ ነጋሪው አንደኛ በመውጣት። ከቀድሞው የሚበልጥ፣ የሚፈጥን፣ የሚመታ ወንድም ስለሰጣችሁን ውለታችሁን በምን እንደምንመልስ አላውቅም።

አራተኛ፦ ለጨዋታው ድርጅት ብጽፍ፣ ጥያቄው የሚስተናገደው ባለቤቱ ራሱ ሲያመለክት ብቻ መሆኑን በትሕትና መለሱልኝ። ወንድሜን አነጋግሬ እንደማሳውቃቸው ገልጬላቸዋለሁ።

አምስተኛ፦ እናቴ ከዚያ ጨዋታ መውጣት አልቻለችም። "አጥፊው፣ እማዬ፣ ይቅርብሽ" ስላት "ልጄን ለብሶት የሚሮጥ ሰው አለ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ትቼው ልውጣ?" ትለኛለች። ስለዚህ ትገባለች። ግድግዳው በአጠገቧ ውልብ ይላል፣ ያልፋታል፣ ከውጊያ ወደ ውጊያ ይሮጣል፤ ለሰላምታዋ አይመልስም። የሞተ ሰው በሕልም ሲመጣ ቢያንስ ፊቱን ያዞራል። ይህኛው አያዞርም። እናቴ በወንድሜ ሞት እያነሰች የመጣችውን ያህል፣ በዚህ አላፊ አግዳሚ ደግሞ በላዩ ላይ እያለቀች ነው፤ የምጠይቅዎም ለእሷ ስል ነው እንጂ ስልኩማ አሮጌ ነው፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ።

ከሁለት አንዱን በአክብሮት እለምናለሁ። ወይ መልሱልን፤ ወይ አሳርፉልን። መመለሱ ለክፍላችሁ ሥነ ሥርዓት የማይመች ከሆነ፣ ስልኩን የያዘው ሰው ነጥቡን ወደነበረበት ይመልስና ግድግዳውን እናቴ ፊት አንድ ጊዜ አቁሞት፣ ከዚያ ጨዋታውን ለዘለዓለም ይዝጋው። አከፋፈሉን ፀጉር አስተካካያችን በቃሉ ይዞታል፤ ከመቶው ዘጠና ሁለቱ ለጋሻ፣ ስምንቱ ለፍጥነት፣ ለምት ምንም። ያቺ ስምንት ለምን እንደሆነች አዋቂዎቹ ሊረዱት አልቻሉም ነበር። እናቴ ውጊያ ሲሞቅ ሳታስበው ወደፊት ትቀድማለች፤ ወንድሜ ሮጦ የሚደርስባት በዚያች ስምንት ነበር።

ለእስካሁኑ መስተንግዶዎ፣ ለ"ነገ ብቅ በዪ"ዎ፣ ለ"መዝገቡ ላይ የለም"ዎ፣ ቻርጀሩን ላሰሩበት ላስቲክ ጭምር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የያዙትን ሁሉ አጥብቀው የሚይዙ እጆችዎ ከመዛል እንዲጠበቁ እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
የግድግዳው ታላቅ እኅት

ከፊርማ በታች፦ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ባለፈው እርስዎ ዘንድ መጥቼ በመስኮቱ በኩል አነጋግረውኝ ስወጣ፣ ገና ከግቢው በር ሳልደርስ እናቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ደስ ብሏት ነበር። "ቆመ እኮ!" አለችኝ። ግድግዳው ከውጊያው በፊት ባለው ሜዳ ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሷም ሄዳ ከኋላው ቆመች። "ምንም አላደረግንም፣ ዝም ብለን ቆምን" አለች፤ "አሁን ልደውልልሽ ስል ነው የሮጠው።" አጋጣሚ ነው ብዬ በሌላ ቀን ተመልሼ መጣሁ። ያን ዕለት ስለ አሠራራችሁ ብዙ ጥያቄ ጠየቅኩዎ፣ እርስዎም ሁለቱንም እጅዎን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ እናቴ ጋም ብዙ ቆሞ ቆየላት። "ቀጣይ!" ብለው ሌላ ባለጉዳይ ሲጠሩ፣ ገና ሰው ሳይቀርብ ሮጠ፤ ሰዓቱን ከእናቴ ጋር አመሳክረናል። እኔ በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። ነገም መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፤ እባክዎ፣ ረዘም ያለ መልስ ይስጡኝ።