በወረቀት የካድኩሽ ልጄ

ፍሌሚንግተን፣ ሜልቦርን
ሚያዝያ 2009 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሩታ፣

ይህን የምትጽፈው ጽገሬዳ ናት፣ የአሥራ አንደኛው ፎቅ ጎረቤታችን። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄአታለሁ።

እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። ሁለት እሑድ ስትደውዪ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ታምሜ አይደለም ያላነሣሁት። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ "ሃሎ፣ አያቴ" አልሽኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ። "አባዬ" ከአፍሽ ሲጠፋ ጊዜ ዘጋሁት።

እርግጥ ነው፣ አያትሽ ነኝ። እናትሽ ዓለምጸሐይ ልጄ ነበረች። ኮሪያዊው መንገድ ሠሪ አባትሽ ሳትወለጂ አገሩ ገባ፤ እሷም በሁለት ዓመትሽ አረፈች። በስደት ናይሮቢ ሳለን፣ ወደዚህ ወደ አውስትራሊያ የሚልኩን ሰዎች "ይቺ ምንህ ናት?" ሲሉኝ "ልጄ" አልኩ። የልጅ ልጅ ናት ያለ ሰው ፋይሉ ይጓተታል ይባል ነበር። አስተርጓሚው ሽበቴን አይቶ ሳቀ። "ምን ያስቅሃል? ክንዴ አልዛለ" አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩታ አምኃ ሆንሽ። ከስምሽ ኋላ እኔ ቆምኩ።

አምና ያ የኮሪያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ መጣ። ትምህርቱን በሙሉ በውጭ አገር ለጨረሰ የኮሪያ ልጅ የተለየ በር አለው አልሽኝ። አባትሽም በፌስቡክ ተገኝቶ በቤተሰቡ መዝገብ አስገብቶሻል። የቀረው የእኔ ቃል ነው፤ "ሩታ ልጄ አይደለችም" የሚል። "አንድ ጊዜ ዋሽቼ አመጣሁሽ፤ አሁን እውነት ተናግሬ ልጣሽ?" ብዬ ወረቀቱን ወረወርኩት። አንቺም በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ብለሽ በርሽን ዘጋሽ። በማግስቱ ወረቀትሽን ሁሉ ቆሻሻው ውስጥ አገኘሁት።

አሁን ያልነገርኩሽን ስሚ። ፎርሙን ወስዳ የጨረሰችው ጽገሬዳ ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቆሻሻ ውስጥ እጄን መክተቴን እንድታውቂ አልፈለግሁም። ማንበብ አልችል፤ ፎቶሽን አይቼ ለየሁት። የሽንኩርቱን ልጣጭ አራግፌ፣ ክምሩን እንዳለ በፌስታል ይዤ፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ወደምትሰጠኝ ፋርማሲስት ሄድኩ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቃል ፋርማሲስትም ፊት እንደሚፈረም የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ወረቀቱን ለየችና፣ እውነት ልጄ እንዳልሆንሽ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ።

"ፔፐር፣ ኖ ዶተር። ሃውስ፣ ዶተር" አልኳት።

በወረቀት አይደለችም፣ በቤት ግን ልጄ ናት ማለቴ ነው። ሴትየዋ ለአውራ ጣቴ ቀለሙን አቀረበችልኝ፤ ፈረምኩ።

ወደ ኮሪያ ስትሄጂ ኤርፖርት ያላቀፍኩሽ ቂም ይዤ አይደለም። ብነካሽ የምለቅሽ አልመሰለኝም።

እዚያ የአባት ስም ከፊት ይጠራል አሉ። ፓርክ ሩታ ይበሉሽ፣ ደንባቸው ነው። እኔ ከፊትም ከኋላም የለሁበትም። እዚህ ቤት አሁን የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ከትምህርት ቤት ትመጪበት የነበረው ትራም ሲቆም ግን እስካሁን በመስኮት አያለሁ። ዩኒፎርም የለበሱት ይወርዳሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ይሄዳል።

ጽገሬዳ "አባባ፣ ናፍቃኛለች ብለው ያስጽፉ እንጂ" ትለኛለች። እኔ አላልኩም፤ የጻፈችው እሷ ናት።

እሑድ ደውዪ፣ አነሣለሁ። "አባዬ" ብለሽ ጀምሪ። ከታች ያለው አውራ ጣቴ ነው። ያን ቀን የካደሽ እሱ ነው፤ ዛሬ ልጄ ነሽ ብሎ የፈረመውም ያው እሱ ነው።

አባትሽ
አምኃ ገብረጻድቃን