ማሽን ስድስት ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ቀን 6 ሰዓት

ሐጅ ኢድሪስ ከማሽን 6 የተነሱት 5፡03። እኔ የተሰካሁት 5፡15። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ግራ ክንዴ ተይዟል፤ በቀኜ እጽፋለሁ። ደሜ ይወጣል፣ ይጣራል፣ ይመለሳል። አራት ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ። ኩላሊቴ ከሞተ ወዲህ የሚያኖረኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ሌላው ከመቀመጡ በፊት ማሽኑ በሙቅ ውኃና በመድኃኒት ይታጠባል። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እስካለፈው ወር አርባ ነበር፤ አንተው ላይ ተጽፏል፣ ደብተሬ።

ሐጅ የቡሪ ሰፈር ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ። ትከሻዬን መታ አድርገው፣ ወንበሩን አሙቄልሃለሁ፣ ያላ፣ ተቀመጥ ብለው ወጡ። ሳቅሁ። ነርሷን ሲ/ር ሱዓድን ማሽኑ ታጥቧል ወይ አልኳት። ታጥቧል አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ምናልባት ሥራ በዝቶባት ነው። ምናልባት።

ምንጩ አንድ ነው፣ እኔ። ለዜና አይበቃም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ 7 ሰዓት

አሥራ አንድ ደቂቃ። ኮምጣጤ የሚመስለው የመድኃኒቱ ሽታም የለም።

ሱዓድ ሰዓቴን ሳይ ያዘችኝ። ጋዜጠኛው የፈረስ ውድድር እየዘገበ ነው ብላ ለክፍሉ ሁሉ አወራች። ሳቁ። ሳቋ አልጣመኝም።

የሐጅ ዓይን ቢጫ መሰለኝ። ወይስ የመጋረጃው ቀለም ነው? ሁሉን እጠረጥራለሁ፦ ውኃውን፣ መርፌውን፣ ጓንቱን። ሱዓድ መድኃኒቱን ትሸጠዋለች ብዬ እዚህ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ግምት ነው።

ከእኔ ቀጥላ ዘይነባ ትቀመጣለች። እንደ እኔ ሐበሻ፣ የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ወንዝ ማዶ ትታከምበት የነበረው ማዕከል ባለፈው ወር ሲዘጋ ነው ወደዚህ የመጣችው። እዚያስ ስንት ደቂቃ ያጥቡ ነበር አልኳት። ሰዓት አታስርም። በመቁጠሪያዋ፣ በሙስበሃዋ ነገረችኝ፦ እዚያ ማሽኑ እስኪታጠብ አራት ዙር ሰለዋት ታወርድ ነበር፤ እዚህ ሁለተኛውን ዙር እንደጀመረች ይጠሯታል። ፈገግ አልኩ። እንደ ምንጭ አልቆጠርኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ 11 ሰዓት፣ ቤት

ሐጅ የሉም። ልጃቸው ፋይላቸውን ሊወስድ መጣ። ደማቸው ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል፤ ለብቻው ወደተመደበ ማሽን ይዛወራሉ።

ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ከእኔ ቀጥሎ ዘይነባ።

ከሁለታችንም ደም ተወሰደ። ውጤቱ እሑድ፣ ኢንሻላህ አለች ሱዓድ። ዛሬ ዓይኔን አየችኝ።

ስነሣ ዘይነባን አንድ ዙር ቁጠሪልኝ አልኳት። እሷ ቆጠረች፣ እኔ ሰዓት ያዝኩ። አሥር ደቂቃ። ሁለተኛውን እንደጀመረች ተጠራች። አራት ዙር ማለት አርባ ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ከሐሙስ ጀምሮ አጠገቤ ነበር፤ ዶቃ ስለሆነ ናቅሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። የእኔስ ባትሪ አያልቅበትም ብላ ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ 5 ሰዓት

ከሙዲሩ፣ ከማዕከሉ ኃላፊ፣ ቢሮ መመለሴ ነው። በሩን ዘጋ። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም።

ጄነሬተሩ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 ነው የሚሠራው። አሥራ ሦስት ሰዓት። እስካለፈው ወር ሁለት ፈረቃ ነበርን፣ እጥበቱ በመካከል ይገባ ነበር። ወንዝ ማዶው ሲዘጋ ሦስተኛ ፈረቃ ጨመረ። ሦስት ጊዜ አራት፣ አሥራ ሁለት። በቀረችው አንድ ሰዓት ሁለት እጥበት አይገባም። ስለዚህ ማሽኖቹ የሚታጠቡት ቀኑ ሲያልቅ አንዴ ብቻ ነው። ሱዓድ ዋሽታኛለች። የሸጠችው ነገር ግን የለም።

በጽሑፍ አቤት እላለሁ አልኩት። የጤና ቢሮ ሰዎች እሑድ ይመጣሉ፣ ጻፍ አለ። የሦስተኛውን ፈረቃ ስም ዝርዝር ወደ እኔ ገፋው። “ኡስታዝ፣ እጥበቱ ከተመለሰ እነዚህ መሄጃ የላቸውም። ይኸው፣ አንተው ሰርዛቸው።”

ማስፈራሪያ ይሁን እውነት አልለየሁም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዘይነባ አራተኛው መስመር ላይ ናት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ 8 ሰዓት

ማሽኑ ላይ ነኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። እያወቅሁ ተቀመጥኩ። ብቀር ሰውነቴ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ እስከ ሰኞ አይጠብቀኝም።

ዘይነባ ቀደም ብላ መጣች። ሁሉን ነገርኳት፣ ዝርዝሩን ጭምር። ከዚያ ለእጥበቱ ስንት ሰዓት ይጎድላል አለችኝ። አሰላሁት፤ ከእያንዳንዱ ፈረቃ ግማሽ ሰዓት ቢቀነስ ይበቃል።

“ጋሼ፣ ይጻፉ። ለእኔ ብለው እንዳይተዉት። ግን ይህንንም ይጨምሩበት፤ ሁላችንም ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንስጥ። እኔ እሰጣለሁ። እርስዎስ?”

ለእሷ ቀላል ነው፣ ቦታዋ ይተርፍላታል ብዬ አሰብኩ። ስላሰብኩት እጽፈዋለሁ። ለእሷም ቀላል አይደለም። ከእኔ ይልቅ የምታብጠው እሷ ናት።

ዶ/ሯን ጠየቅሁ። አንዳንዱ ይችለዋል፣ አንዳንዱ ሳንባው ውኃ ይይዛል አለች። እኔስ? ቁርጭምጭሚቴን በጣቷ ተጭና ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀች። እናያለን አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፤ 4 ሰዓት

ደብዳቤው አልቋል። በዐረብኛ፣ አንድ ገጽ። የመጀመሪያው አንቀጽ ደቂቃዎቹና ቀኖቹ፣ ሁለት ምስክር። እኔ ፈርሜያለሁ፣ ዘይነባ ሐሙስ ዕለት በባዶው ወረቀት ላይ የጣት አሻራዋን አኑራለች። ያልተጻፈ ወረቀት ላይ። አምናኝ።

ሁለተኛው አንቀጽ ግማሽ ሰዓቱ ነው። ከሥሩ ለፈራሚዎች መስመር አስምሬያለሁ። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ገና ባዶ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ካልፈረመ የአንደኛው ፈረቃ ሰዎች ለምን ይፈርማሉ?

የጤና ቢሮ ሰዎች ነገ 3 ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። የደም ውጤታችንም በዚያው ጠዋት ነው፤ ቫይረሱ ከተገኘብኝ ለብቻው ወደተመደበው ማሽን እዛወራለሁ፣ ግማሽ ሰዓቱንም አልጠየቅም። ውጤቱን ሳላይ ልፈርም፣ ወይስ አይቼ?