ከጤነኞች ተርታ የወጣው ናሙና

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬስ፣ ልጆቹስ? እኔ ቆሜ እየሄድኩ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ስለዚህ በእጅህ እንዲያደርስልኝ ወደ እናንተ ለሚመጣው የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ስትመጣ የምሠራበትን ላቦራቶሪ አሳይቼህ አልነበር? ከበሽተኞች ጋር የሚወዳደር የጤነኛ ሰው ናሙና አንሶን ነበርና አስፈርሜህ አፍንጫህን በቀጭን ብሩሽ ፈተግኩህ። አስነጥሰህ፣ እንባህ ዱብ ዱብ እያለ፣ አፍንጫዬን እንደ በር ልትልጊው ነው እንዴ ስትለኝ ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። ብልቃጥህ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ጻፍኩ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ በደንብ አላስረዳሁህም። የአፍንጫችን የውስጥ ሽፋን አንድ ጠባቂ ፕሮቲን ያመነጫል። ጀርም ሲገባ ይከላከላል፤ ሽፋኑ ሲቆጣና ሲያብጥ ደግሞ ያበርደዋል። ብናኝ እየገባ ቁጣው ለዓመታት ሳይበርድ ሲቀር ግን ፕሮቲኑ እያነሰ ይሄዳል። ጠባቂ ያጣ ሽፋን ደግሞ እያደር... ቃሉን መጻፍ አስፈራኝ። አባባን የወሰደው ነው። እሱም እንዳንተ የእንጨት ብናኝ ሲምግ ነው ያረጀው።

ባንተ ናሙና ላይ ፕሮቲኑ የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። አለቃችን ዶክተሩ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ይሄ ሰው ከጤነኞቹ መሃል ምን ይሠራል አሉኝ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ አላስታውስም አልኩ። ወንድሜ ነው ካልኩ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ። ባለፈው ሰኞ እትዬ ጋ ደወልኩ። ስለ ልጆቹ ስናወራ ሳታስበው፣ አንድ ጆሮው ተደፍኖበት ራዲዮ እያስጮኸ አስቸገረን አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በተናፈጥክበት መሐረብ ላይ ደም እንደምታይ፣ ስትጠይቅህም ቀይ ቫርኒሽ ነው እያልክ እንደምትስቅባት ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ግን መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያባርሩኛል ስል ወንበር ሳቡልኝ። የፕሮቲኑ ማነስ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ሽፋኑ መጎዳቱን ብቻ እንደሚጠቁም አስረዱኝ። ደሙና ጆሮው ግን ጊዜ አይሰጥም፣ ቶሎ አምጪው አሉኝ። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል ሲሉም ደጋግመው ነገሩኝ። አመንኳቸው፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

ወንድም ጋሼ፣ አውቅሃለሁ። ያልጨረስኩት ቁም ሣጥን አለ ትላለህ። ይቆይ! አባባም ሥራዬን ልጨርስ እያለ ነው የዘገየብን። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት አፍንጫንና ጉሮሮን በካሜራ የሚያዩ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሹፌሩ ረቡዕ ይመለሳል፤ አብረኸው ና።

ለእማማ ሥራ አገኘሁ በላት። እትዬ ግን እውነቱን ትወቅ፤ ይበቃታል መታለሉ። ቀጠሮው ላይ ሁለት ስም ታያለህ፤ ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እኔም የአባባ ልጅ ነኝና ልታይ ነው። እዚያው ሰው ፊት እንዳትጮህብኝ። መጀመሪያ አንተ ትገባለህ። ስትወጣ ደግሞ፣ ፈርተህም ቢሆን፣ በሩ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ።

ፈጣሪ ትንፋሽህን ይጠብቅልኝ። ለልጆችህ ያቆይህ፤ ለእኔም።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ